የእትዬ ትርንጎ ሦስት ወንድሞች

እትዬ ትርንጎ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። ወሬውን ያመጣችልኝ ከመተማ ሰሊጥ እየጫነች ገንዳ ውሃ ገበያ የምትመጣ ሴት ናት። ጨው እየመረጠች ቆማ ሳለ፣ እንደ ዋዛ፣ «ያች የባሃራዎቹ ባልቴት እኮ ሞተች» አለችኝ።

«መቼ?» አልኋት።

«እኔ እንጃ። ሳልስቷን ካወጡላት ቆየ።»

አላለቀስሁም። በዚህ ዕድሜዬ ልቅሶም ጉልበት ይጠይቃል። ቤቴ ገብቼ መደቡ ላይ ተቀመጥሁና ሰው መጥቶ እስኪያናግረኝ ድረስ አልተነሣሁም። እኒያ ሴትዮ የሥጋ ዘመዴ አልነበሩም። በጠላት ዘመን አምስት ዓመት አጥር ለአጥር ተጎራብተን ኖርን፤ በቃ። ግን ከእናቴ ይልቅ እሳቸው በሕልሜ ይመጣሉ።

እኔ መተማ የወረድሁት ባለቤቴን ተከትዬ፣ ጣሊያን ከተማዋን በያዘ በጥቂት ወር ውስጥ ነው። እሱ የነጋዴ በቅሎ ይጭናል፤ ወር ሄዶ ሁለት ቀን ያድራል። ሐሩሩንም ንዳዱንም ብቻዬን ቻልሁት። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከአጥሩ ባሻገር አጠር፣ ወፈር ያሉ፣ አንገታቸውን የተነቀሱ ሴትዮ ሁለት እንስራ ውሃ አስቀምጠው ግንባራቸውን ከበሩ ጉበን ላይ አስደግፈው ቆመው አየሁ። የታመሙ መሰለኝ።

«እንደምን አደሩ እትዬ?» አልኋቸው።

«ደክሞኝ» አሉ፣ ግንባራቸውን ሳያነሡ።

በኋላ ሳውቀው ሰላምታቸው ይኸው ነው። ሌላው ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚልበት ቦታ ላይ እሳቸው «ደክሞኝ» ይላሉ። ሲያድሩም ደክሟቸው፣ ሲውሉም ደክሟቸው ነው። አንድ ቀን የንስሐ አባታቸው ሰምተው «ምነው ወለተ ማርያም፣ አንድ ቀን እንኳ ተመስገን አይሉም?» ቢሏቸው፣ «እሱንም እላለሁ አባቴ፤ እሱን የምለው ለሱ ነው፣ ይህን የምለው ለጠየቀኝ ሰው ነው» አሏቸው።

በግቢያቸው ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ይኖሩ ነበር። የመተማ ሰው ባሃራዎቹ ይላቸዋል። ባሃራ የሱዳኖች ቃል ነው፤ መርከበኛ ማለት ነው። ባሕር በሌለበት፣ ወንዙ እንኳ ክረምት ከበጋ በማይፈስበት አገር መርከበኛ ምን ይሠራል ትሉኝ ይሆናል። እኔም ጠይቄ ነበር።

ድርቡሽ ደምቢያን የወረረ ጊዜ ሕፃኑንም አዋቂውንም እየነዳ ወስዷል። ከተወሰዱት ልጆች ጥቂቶቹ በዓባይ ላይ ለሚመላለሱት መርከቦች ተሰጡ። እዚያው አደጉ፤ መንግሥት ሲለወጥም እነሱ አልተለወጡም፤ እዚያው አረጁ። መርከበኛ ሲያረጅ ረይሱ፣ ማለት የመርከቡ አለቃ፣ «በል ውረድ» ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያውቀው የለም። አንዳንዱ ታዲያ ከአሮጌው ትዝታው ውስጥ «አገሬ ሐበሻ ነበር» የሚል አንድ ቃል ፈልጎ ያገኝና ከነጋዴ ጋር ወደ ፀሐይ መውጫ ይጓዛል። መተማ ሲደርስ መንገዱ ያልቅበታል። የመንደሩን ስም አያውቅ፣ የአባቱን ስም አያውቅ፣ ደጋውን ማን ብሎ ይውጣው? ገበያው ዳር ዛፍ ሥር ይቀመጣል።

እትዬ ትርንጎ ከዚያ ዛፍ ሥር ነው የሚያነሷቸው።

ፈረጅ የሚባለው ዕድሜውን ሁሉ በእሳት በሚሄደው መርከብ ሆድ ውስጥ እንጨት ሲማግድ የኖረ ነው። ዐይኑን እሳቱ በልቶታል፤ ጥላ ብቻ ያያል። ባኺት ነፋስ ሲጠፋ መርከብን ከዳር ሆኖ በገመድ የሚጎትት ነበር፤ ትከሻው ላይ ገመዱ የቆፈረው ቦይ አለ፤ ጣት ያስገባል። ሦስተኛው ዳውድ ነው። የዳውድን ግራ እግር የመልሕቅ ሰንሰለት ከጉልበቱ በታች ቆርጦታል። በከተማው ውስጥ እንደሱ ያለ ምላሰ መርዝ አልነበረም።

ሥራ አልፈቱም። ቀኑን ሙሉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ። የነሱን ገመድ የሚያህል አልነበረም፤ የሰሊጥ ነጋዴው ሁሉ ጭነቱን የሚያስረው በሱ ነው። የጎደለውን ጎረቤት ይሞላል። ሐጂ ሱሌይማን የሚባሉ ባለሱቅ ዓርብ ዓርብ ማሽላ ይልካሉ፤ ክርስቲያኑም ማኅበር ሲያወጣ የነሱን ድርሻ አይረሳም።

መብሉ ግን ጣጣ ነበረው። ፈረጅና ዳውድ እስላሞች ናቸው። ባኺት ማዕተብ አስሯል፤ መተማ ከደረሰ በኋላ ተጠምቆ ነው። የአንዱን ሥጋ ሌላው አይበላም። እትዬ ትርንጎ ነገሩን የቆረጡት በአንድ ቃል ነው። «ሥጋ ከቤቴ አይግባ» አሉ። ዓመት እስከ ዓመት በዚያ ግቢ የሚበላው የማሽላ ገንፎ በባሚያ፣ ሽሮ፣ አንዳንዴ ዓሣ ነው። ሁሉም ከአንድ ገበታ ይቆርሳል። እሳቸው ራሳቸው ግን ሥጋ ወዳድ ነበሩ። የፋሲካ ዕለት በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው እኔ ቤት ይመጡና ጥግ ይዘው ይበሉ ነበር። አፋቸውን ጠርገው፣ እጃቸውን በሎሚ አሽተው ነው የሚመለሱት። «ዳውድ አፍንጫው እንደ ውሻ ነው» ይላሉ።

አንድ ነገር ግን ሰው ሁሉ ያማቸው ነበር። እነዚያን ሽማግሌዎች «አንተ» ነው የሚሏቸው። በኛ አገር ሽበት ያለበት ሰው፣ ለማኝም ቢሆን፣ አንቱ ነው የሚባለው። እኔ ባዕድ ብሆንም ሳልፈራ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ምነው እነዚህን አባቶች አንተ ይሏቸዋል? ሰው ይታዘበዎታል።»

የሚለቅሙትን ምስር አቆሙ። «ስንዱ፣ አንቺ ወንድምሽን አንቱ ትይዋለሽ?»

«ኧረ አልልም።»

«እኔስ ለምን ልበል?»

ከዚያ ነገሩን ነገሩኝ። ድርቡሽ የመጣ ቀን እሳቸው ስድስት ዓመታቸው ነበር። ከአሥር ዓመት ወንድማቸው ከካሣ ጋር ጣና ዳር ደንገል ውስጥ ተሸሸጉ። እሳቸው አስነጠሱ። ፈረሰኛው ዞረ። ካሣ እሳቸውን ወደ ደንገሉ ገፍቶ ራሱ እጁን ዘርግቶ ወጣ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ አልታየም። ካደጉ በኋላ ሁለት ባል አግብተው ሁለቱንም ፈትተው፣ «ቢመለስ በዚህ ነው የሚመለስ» ብለው መተማ ወረዱ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነበር ከወረዱ።

«ምልክት አለው?» አልኋቸው።

«ሕፃን ሳለ ፍም ረግጧል። ግራ ተረከዙ እንደ ተሰፋ ቆዳ ጭምድድ ያለ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከዛፉ ሥር ሽማግሌ ባመጡ ቁጥር፣ ከሁሉ በፊት ውሃ አሙቀው እግሩን ያጥባሉ። የእንግዳ ወግ ነው ብዬ ነበር። አጥበው፣ ግራ እግሩን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በነጠላቸው ጫፍ አድርቀው ተረከዙን ያያሉ። አይተው ምንም አይሉም። ውሃውን ይደፋሉ፣ ምግብ ያቀርባሉ። ሰውየው ካሣ አይደለም፤ ግን እግሩ ታጥቧል፣ ተመግቧል፤ እንዴት አድርገው ወደ ዛፉ ይመልሱት? ይኸው ነው የግቢያቸው ታሪክ። ስንቱ ከሳቸው እጅ ላይ እንደ ሞተ ቆጥረው አያውቁም።

«ፈረጅን አየሁት፤ ለስላሳ ነው። ባኺትንም አየሁት» አሉኝ።

«ዳውድስ?»

ምስሩን መልቀም ጀመሩ። «የዳውድ ግራ እግር ዓባይ ውስጥ ነው ያለው» አሉ።

ዳውድ ይህን ያውቅ ነበር፤ ያውቅና ይጫወትበታል። የእናቱን ስም ሲጠይቁት «እናቴ መርከብ ናት» ይላል። ደግሞ ሌላ ቀን ገንፎው ሲቀጥንበት፣ በዚያ በዐረብኛ በተቀላቀለ አማርኛው፣ «እኔ ካሣ ብሆን ኖሮ ቅቤ ትጨምሪልኝ ነበር?» ይላቸዋል።

«ካሣ ብትሆን በጥፊ እልህ ነበር፤ አርባ ዘጠኝ ዓመት ምን ስትሠራ ቆየህ ብዬ» ይሉታል።

እሱ ይስቃል። እሳቸው አይስቁም። ግንባራቸውን ጉበኑ ላይ ደገፍ አድርገው ጥቂት ይቆሙና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ጣሊያን መተማን ከያዘ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ከሱዳን በኩል የመጣ ሰው ሁሉ የእንግሊዝ ሰላይ ነው ተባለ። በኛና በሱዳኖቹ ገላባት መካከል ያለችው አንዲት ሸለቆ ናት፤ በበጋ አሸዋ ብቻ ናት። ወታደር መጣና ወረቀት የሌለውን፣ ዘመድ የሚጠራለት የሌለውን ሁሉ እየለቀመ ወደዚያች ሸለቆ ነዳው። ሦስቱንም ሽማግሌዎች ወሰዷቸው። እትዬ ትርንጎ ውሃ ሊቀዱ ሄደው ነበር።

ከወዲያ ማዶ ያሉት የእንግሊዝ ዘበኞችም «የኛ አይደሉም» ብለው መለሷቸው። ከወዲህ «አትመለሱም»፣ ከወዲያ «አትገቡም»። ባኺት ዳውድን አዝሎ፣ ፈረጅ የባኺትን ቀሚስ ይዞ፣ በዚያ አሸዋ ላይ ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ቆሙ። እኔ ከሕዝቡ ጋር ዳር ላይ ሁኜ አይቻለሁ። ማንም አልወረደም። እኔም አልወረድሁም።

እትዬ ትርንጎ ከነእንስራቸው መጡ። ሰውን ገፋ ገፋ አድርገው ሸለቆው ውስጥ ወረዱና መጀመሪያ ውሃ አጠጧቸው። ከዚያ ወደ ጣሊያኑ ሹም ወጡ። አስተርጓሚው አጠገቡ ቆሟል።

«እነዚህ የማን ናቸው?» አለ አስተርጓሚው።

«የኔ ናቸው። ወንድሞቼ ናቸው።»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም።»

አስተርጓሚው ሳቁን ሊይዝ አልቻለም። «እትዬ፣ አንዱ ጠይም፣ አንዱ ከሰል፣ አንዱ ቀይ ነው። አባትዎ ስንት አገር ዙረዋል?»

«የአባቴን ነገር ለሱ ተወው። የኔን ጻፍ።»

ሹሙ አንድ ነገር ተናገረ። መሐላ ይፈልጋል ተባለ። ቄስ ተጠራ፤ የንስሐ አባታቸው ናቸው የመጡት። ወንጌሉን ዘረጉላቸው። እትዬ ትርንጎ እጃቸውን ወንጌሉ ላይ ጭነው፣ ሕዝብ ሁሉ እየሰማ፣ ሦስቱም የአባቴ የወልዴ ልጆች ናቸው ብለው ማሉ። ሦስቱም ወልዴ ተብለው ተጻፉ። ፈረጅ ወልዴ፣ ባኺት ወልዴ፣ ዳውድ ወልዴ። የካሣን ስም ግን ለማንም አልሰጡም።

ዳውድ ያን ቀንና በማግስቱ ገንፎው ቀጠነ ሳይል በላ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታቸው ፊታቸውን አጥቁረው መጡ። እኔ አጥሩ ሥር ጎመን እቀነጥስ ነበር፤ ሁሉንም ሰማሁ።

«በወንጌል ላይ ዋሹ» አሏቸው።

«አዎ አባቴ። ግን በልክ ይፍረዱብኝ። ሁለቱን በሐሰት ነው የማልሁ። ሦስተኛውን እኔም አላውቅም፣ እርስዎም አያውቁም። የሁለቱን ንስሐ ይስጡኝ።»

ቄሱ የሁለቱን ሰጧቸው። እትዬ ትርንጎ ቀን ሲሠሩ ውለው ማታ ማታ እየሰገዱ ፈጸሙት፤ ጉልበታቸው ያበጠው ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን እኔን ወደሚመለከተው ልምጣ። ብዙ ዓመት ለማንም አልተናገርሁትም።

በአምስተኛው ዓመት ክረምቱ ወጥቶ፣ ማሽላው ሊታጨድ ሲደርስ፣ እንግሊዝና ጣሊያን በዚያች ሸለቆ ላይ ተያያዙ። መድፉ ጎጆውን ያናውጠዋል፤ አውሮፕላን ይመጣል። ሕዝቡ ወደ ገንዳ ውሃ በኩል መውጣት ጀመረ። ባለቤቴ ያን ጊዜ በመንገድ ላይ ነበር። እኔ አንዲት አህያ ነበረችኝ። እህሌን፣ መጅና ወፍጮዬን፣ ልብሴን ጫንሁባት። ልወጣ ስል እትዬ ትርንጎ በአጥሩ ቀዳዳ መጡ።

«ስንዱ፣ ፈረጅና ባኺት በእግራቸው ይከተሉሻል። ዳውድ ግን አይሄድም። አህያዋን ስጪኝ።»

«እትዬ፣ ተጭናለች።»

«አያታለሁ።»

«እህሉን ጥዬ ምን እበላለሁ?»

«እህሉን አልሁ እንዴ? ወፍጮውን አውርጅው።»

ወፍጮው የእናቴ ነበር። ከደጋ ያወረድሁት እሱን ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ልነግራቸው ፈለግሁ፤ አልነገርኋቸውም። «ዳውድ እንደሆነ ከባድ ነው፤ አህያዋም መንገድ ላይ ትወድቃለች» አልኋቸው። ዳውድ ከባድ አልነበረም። ከወፍጮው ሳይቀል አይቀርም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ያን ምላሰ መርዝ ሽማግሌ አልወደውም ነበር፤ ለሱ ብዬ ምንም መጣል አልፈለግሁም።

እትዬ ትርንጎ አዩኝ። አልተቆጡም። «ደግ፤ በይ ሁለቱን አደራ» ብለው ተመለሱ። ከኋላዬ ዳውድ «ሂጂ አንቺም! እኔ እዚህ እጠብቃለሁ፤ ለኔ ማን ጥይት ያባክናል?» ሲል ሰማሁት። እሳቸው «ዝም በል» አሉት። አልሄዱም። እሱን ትተው አልሄዱም።

ፈረጅና ባኺት ከኔ ጋር ገንዳ ውሃ ደረሱ። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ለስደተኛው ገመድ እየገመዱ እኔንም ጭምር አበሉኝ። ስለ አህያዋ አልጠየቁኝም። ባኺት ግን ማታ ማታ ወፍጮውን አልፎ ሲሄድ እግሩን ያነሣ ነበር፤ አይነካውም።

ጣሊያን መተማን ለቆ ሲወጣ ተመለስን። ከተማዋ ግማሽ አመድ ነበረች። የኔ ጎጆ የለም። የእትዬ ትርንጎ ቤት አንድ ጎኑ ቆሟል። እሳቸው ደጅ ተቀምጠው ነበር። ከስተው፣ ነጠላቸው ጠቁሮ፣ ግን እሳቸው ናቸው።

«እንደምን ከረሙ እትዬ?»

«ደክሞኝ።»

ፈረጅ ድምፃቸውን ሰምቶ እጁን ዘርግቶ በአየር ላይ ፈለጋቸው። ይዘው አስገቡና አስተኝተውት ወጡ። ሌላውን ዐልጋ፣ ያን የዳውድን በጠፍር የተጠለፈ ዐልጋ፣ ባዶውን አየሁት። ምንም ሳልጠይቅ እሳቸው ጀመሩ።

«በሦስተኛው ቀን ነው የሞተ። ጥይት አይደለም፤ ትኩሳት ነው። ጉድጓዱን ብቻዬን መቆፈር አቃተኝ፤ መሬቱ ደርቋል። አንድ የጣሊያን ወታደር፣ የሐማሴን ልጅ ነው፣ ሲያልፍ አየኝና አካፋውን ይዞ መጣ። ፊቱን ወደ ቂብላ አድርገን ቀበርነው፤ እስላም ነውና እንደ ሃይማኖቱ። ከዚያ ልጁ ‹እናቴ፣ ምንሽ ነው?› አለኝ። ‹ወንድሜ ነው› አልሁት። ‹ስሙስ ማነው?› አለኝ።»

የአህያዋን ጭነት ይፈታ የነበረው ባኺት እጁን አቆመ።

«ካሣ ነው አልሁት» አሉ።

«እሱ ነበር እንዴ እትዬ? በመጨረሻ ነገረዎት?»

«ምንም አልነገረኝም። ውሃ ስጪኝ ብቻ ነው ያለ። ነው አይባል፣ አይደለም አይባል። ሃምሳ ምናምን ዓመት ፈለግሁ፣ ስንዱ፤ ከዚህ በላይ አልቻልሁም። አንድ ሰው ካሣ ተብሎ መቀበር ነበረበት። እሱን ቀበርሁት።»

ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም፤ ያን ቀንም አላለቀሱም። እኔ ግን እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ስለ አህያዋ፣ ስለ ወፍጮው፣ አልወደውም ስለ ነበር ሁሉንም ተናገርሁ። ይቅር በሉኝ አልሁ። ቢረግሙኝ ቀለል ይለኝ ነበር።

ሰሙኝ።

«ያን ጊዜ ብትሰጭኝ መንገድ ላይ ይሞት ነበር ይሆናል፤ ወይም አይሞትም ነበር» አሉ። «እሱን እኔ አላውቅልሽም። ይቅር ማለትም የኔ አይመስለኝም፤ የሱ ነበር። አንቺው ያዥው።»

ከውስጥ ፈረጅ ሳለ። ገንዳ ውሃ ንዳድ ይዞት ብዙ ቀን ተኝቶ ነበር፤ ጀርባው መላላጥ ጀምሯል። እትዬ ትርንጎ ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ተነሡ። ሁለት እርምጃ ሄደው ዞሩ።

«በይ ተነሽ፤ ነይ» አሉኝ። «አንቺ በብብቱ ያዥልኝ፣ እኔ እግሩን እይዛለሁ። በግራ ጎኑ እናስተኛው።»

ተነሥቼ ገባሁ። ፈረጅን በብብቱ ያዝሁት፤ አጥንት ብቻ ነበር። አዞርነው። እትዬ ትርንጎ ቀና ብለው ወገባቸውን ያዙ።

«ወደ ማታ ደግሞ ወደ ቀኝ ይዞራል» አሉ። «እዚሁ እደሪ።»